ይህ ኤክስኤምኤል የምን ዓይነት ነው? የምንጭ ፋይሎችን ለመለየት የትኛው መንገድ ይሻላል

የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ደብዳቤ ሲደርሰው ከላይ እስከ ታች አያነበውም። ራስጌውን ያያል፣ «ጉዳዩ፦» የሚለውን መስመር ይመለከታል፣ ዳር ላይ የኃላፊ ምሪት ተጽፎ ከሆነ እሱን ይከተላል፤ ከዚያ ወደሚመለከተው ክፍል ይልከዋል። ኤክስኤምኤል ፋይሎችን፣ ማለትም የጽሑፍን ክፍሎች በታጎች የሚለዩ ፋይሎችን፣ ወደ ድረ ገጽ የሚለውጥ ማዕቀፍም ሥራው ይኸው ነው። ፋይሉን ያነሣል፣ ምን ዓይነት እንደሆነ ይለያል፣ ለዚያ ዓይነት ወደተዘጋጀው ስታይልሺት (ፋይሉን ወደ ገጽ የሚለውጥ የደንቦች ስብስብ) ይመራዋል። ወደተሳሳተ ክፍል ከመራው አንባቢው ባዶ ገጽ ወይም የተዘበራረቀ ጽሑፍ ያያል፤ ብዙ ጊዜም የስህተት መልእክት እንኳ አይወጣም።

እኔ ይህን ሥራ የለመድኩት በአፓቼ ፎረስት ነው። ፎረስት በአፓቼ ኮኩን ላይ የተገነባ የድረ ገጽ ማተሚያ ማዕቀፍ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ተጀምሮ በ2020 ወደ አፓቼ አቲክ ተዛወረ። አቲክ ማለት ቆጥ ነው፤ ሥራቸው ያበቃ ፕሮጀክቶች የሚሰቀሉበት። ዛሬ አዲስ ሥራ በፎረስት ጀምሩ ብዬ አልመክርም። ነገር ግን የፋይል ዓይነትን የሚለይበት መንገድ እስካሁን ካየኋቸው ሁሉ ግልጽ ስለሆነ፣ በየትኛውም መሣሪያ ብትሠሩ እንደ መነሻ ይጠቅማችኋል። ፋይሉን ከመጀመሪያው ፊደል ጀምሮ ያነብባል፤ የመጀመሪያው የመክፈቻ ታግ ላይ ሲደርስ ያቆማል። እስከዚያ ድረስ ካገኘው ነገር አራት ምልክቶችን ይይዛል፦ የዶክታይፑን (አናት ላይ የሰነዱን ዓይነት የሚያስታውቀውን መስመር) ይፋዊ መለያ፣ የማስፈጸሚያ መመሪያዎችን (ሰነዱን ለሚሠራው ፕሮግራም የተጻፉ ማስታወሻዎችን)፣ የሥር ኤለመንቱን (ሌላውን ሁሉ የሚያቅፈውን የመጀመሪያ ታግ) ስም ከነኔምስፔሱ (ስሙ የየትኛው ደረጃ እንደሆነ ከሚለየው መጠሪያ ጋር)፣ እንዲሁም በዚያው ኤለመንት ላይ የተጻፈውን የስኪማ (የሰነዱን አወቃቀር የሚደነግግ ፋይል) አድራሻ። ከዚያ የተሰጡትን ደንቦች ከላይ ወደ ታች ይፈትሻል፤ መጀመሪያ የተስማማው ደንብ የፋይሉን ዓይነት ይወስናል። አንድ ሺህ ገጽ ያለው መጽሐፍም ቢሆን የሚነበበው ከጥቂት መስመሮች አይበልጥም።

እነዚህን ምልክቶች ነው የምናወዳድረው፤ ከእነሱ በፊት ግን ሁሉም ሰው የሚጀምርበት መንገድ አለ።

ፎልደር እና የፋይል ስም

ማኑዋሎች በአንድ ፎልደር፣ ዜናዎች በሌላ፣ መጣጥፎች በሦስተኛው። በኮኩን ሳይትማፕ (የትኛው አድራሻ በምን እንደሚሠራ የሚዘረዝር ፋይል) ላይ ከዚህ አድራሻ የመጣ ሁሉ በዚህ ስታይልሺት ይለፍ የሚል አንድ መስመር መጻፍ ብቻ ነው። ፋይሉ መከፈት እንኳ የለበትም። ሲበላሽም የት እንደተበላሸ ወዲያው ይታያል። የፋይሉ ቅጥያ ራሱ የሚናገር ከሆነ ደግሞ፣ ለምሳሌ የኤስቪጂ ሥዕል ወይም የዲታ (የቴክኒክ ሰነዶች ደረጃ) ርዕስ ከሆነ፣ ነገሩ ይበልጥ ይቀላል።

ችግሩ ፋይሉ ቤት ሲቀይር ዘሩም አብሮ መቀየሩ ነው። አንድ ሰው ማኑዋሉን «እዚህ ይሻላል» ብሎ ወደ መጣጥፎች ፎልደር ካዛወረው ማዕቀፉ መጣጥፍ ነው ብሎ ያምናል። ቅጥያውም አብዛኛውን ጊዜ «ኤክስኤምኤል» ከማለት አያልፍም፤ ይህ ደግሞ በደብዳቤ ላይ «ወረቀት» ብሎ እንደ መጻፍ ነው።

ሆኖም ሰዎች እንደሚያጣጥሉት አይደለም። ሁለት ዓይነት ፋይል ብቻ ካላችሁና የሚጽፈው አንድ ሰው ከሆነ በፎልደር ለዩ፤ ማንም አያፍርባችሁም።

ዶክታይፕ

ዶክታይፕ የደብዳቤው ራስጌ ነው። ይፋዊ መለያው በአንድ መስመር ባለቤቱን፣ የሰነዱን ዘር፣ ስሪቱንና ቋንቋን ይናገራል፦ ኦኤሲስ፣ ዲቲዲ ዶክቡክ ኤክስኤምኤል ቪ4.2፣ ኢኤን። ኦኤሲስ ደረጃ አውጪው ድርጅት፣ ዲቲዲ የሰነዱን ኤለመንቶች የሚደነግግ ፋይል፣ ዶክቡክ ደግሞ የቴክኒክ ሰነዶች ደረጃ ነው። በመጨረሻ ያሉት ሁለት ፊደላት ብዙ ሰው ያሳስታሉ። የሰነዱ ቋንቋ የሚመስለው ብዙ ነው፤ የሚያመለክቱት ግን ዲቲዲው ራሱ የተጻፈበትን ቋንቋ ነው። የአማርኛ ማኑዋል ስለሆነ ብሎ ኢኤንን ወደ ኤኤም የለወጠ ቅን ሰው አይቻለሁ። ማኑዋሉ በደንብ የተጻፈ ነበር፤ ማዕቀፉ ግን ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ አላወቀውም፤ ደንቡ መለያውን ፊደል በፊደል ያስተያያልና።

የዶክታይፕ ትልቁ ጉልበት ስሪትን መለየቱ ነው። የዶክቡክ 4.2 እና 4.5 መጣጥፎች ሥር ኤለመንታቸው አንድ ነው፣ ኔምስፔስ የላቸውም፤ አንዱን ከሌላው የሚለየው ይህ የራስጌ መስመር ነው። የቆየ ክምችት ያለው ሰው ዶክታይፕን ትቶ የትም አይደርስም።

ነገር ግን ራስጌው ዕዳ ይዞ ይመጣል። ከይፋዊው መለያ ቀጥሎ የዲቲዲው የኢንተርኔት አድራሻ ስለሚጻፍ፣ ብዙ ፓርሰሮች (ኤክስኤምኤል የሚያነቡ ፕሮግራሞች) ሳይጠየቁ ሄደው ያመጡታል። እ.ኤ.አ. በ2008 የዓለም አቀፉ ድር ጥምረት፣ ለዓመታት ያልተለወጡ የዲቲዲና መሰል ፋይሎች በቀን እስከ 130 ሚሊዮን ጊዜ እየተጠየቁ እንደሆነ ገልጾ ነበር። ይህን ያህል ጥያቄ የሚልኩት ሰዎች አይደሉም፤ ልክ እንደ እኛ ዓይነት ማዕቀፎች ናቸው። እኔ ጉዳዩን የተረዳሁት ከአኃዙ ሳይሆን አንድ ምሽት ኔትወርክ ሲጠፋ ነው። ሁሉም ፋይል በራሴ ኮምፒውተር ላይ እያለ የገጾቹ ግንባታ ቀጥ ብሎ ቆመ። ዲስኩን ጠረጠርኩ፣ ጃቫን ጠረጠርኩ፣ እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ራሴን ጠረጠርኩ። ለካ ፓርሰሩ የአንዲት አጭር ማስታወቂያ ዲቲዲ ፍለጋ ውቅያኖስ ማዶ ሊሻገር ደጋግሞ እየሞከረ ነበር።

መድኃኒቱ ሁለት ነው። አንደኛው ካታሎግ ነው፤ ይህ መለያ ሲመጣ በዚህ ፎልደር ያለውን ቅጂ ተጠቀም የሚል ዝርዝር። ሁለተኛው የውጭ ዲቲዲንና ሌሎች የውጭ ጥሪዎችን መጫን ጨርሶ መዝጋት ነው፤ የማታውቁት ሰው የላከውን ፋይል የምትቀበሉ ከሆነ ለደኅንነትም ይኸኛው ግድ ነው፤ በዶክታይፕ ውስጥ በተጻፈ የውጭ ጥሪ የሰርቨራችሁን ፋይል ማስነበብ ይቻላልና። ሆኖም መዝጋቱ የራሱ ዋጋ አለው። ዲታን ውሰዱ፦ እያንዳንዱ ኤለመንት የየትኛው ዘር ቅርንጫፍ እንደሆነ የሚናገረው «ክላስ» የሚባለው አትሪቢዩት (በታግ ውስጥ የሚጻፍ ስምና ዋጋ) በፋይሉ ውስጥ አይጻፍም፤ ነባሪ ዋጋ ሆኖ ከዲቲዲው ይመጣል። ዲቲዲውን ስትዘጉ ያ ዘር ማንዘር ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ለዲታ ትክክለኛው መንገድ ካታሎግ ነው።

አዳዲሶቹ የሰነድ ዓይነቶች ደግሞ ራስጌውን እየተዉት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የኦኤሲስ ደረጃ የሆነው ዶክቡክ 5.0 ያለ ዶክታይፕ ይኖራል። አቶም የተባለው የዜና ምግብ ደረጃ ኖሮትም አያውቅ። የኤችቲኤምኤል 5 ዶክታይፕ ስሙ ብቻ ቀርቶ ይፋዊ መለያ የለውም።

ሥር ኤለመንት ከነኔምስፔሱ

የእኔ ምርጫ ይህ ነው። «ጉዳዩ፦» የሚለው መስመር ራስጌው ቢቀደድም አይጠፋም፤ ያለ ሥር ኤለመንት ኤክስኤምኤል የሚባል ነገር የለም። ሌላ ፋይል ማምጣት አያስፈልግም፣ ኔትወርክ አያስፈልግም፣ ጸሐፊው ረስቶ የሚተወው ነገርም አይደለም።

ነገር ግን ሁለቱን አትነጣጥሏቸው፤ ስሙ ብቻውን ይዋሻል። ጥሩው ምሳሌ «አርቲክል» የሚለው ሥር ኤለመንት ነው። የዶክቡክ የቴክኒክ ጽሑፍ በአርቲክል ይጀምራል። ጃትስ የሚባለው የሳይንስ መጽሔቶች ደረጃም በአርቲክል ይጀምራል። ዶክቡክ 5 ከሆነ ኔምስፔስ ስላለው አንዱ ከሌላው አይምታታም። ዶክቡክ 4 እና ጃትስ ግን ሁለቱም ኔምስፔስ የላቸውም፤ ስማቸው አንድ፣ አድራሻቸው ባዶ። እዚህ ላይ ብቻ ወደ ዶክታይፕ እመለሳለሁ። የጃትስ ስታይልሺት የዶክቡክ ፋይል ሲደርሰው ምን እንደሚያደርግ ማየት ለሚፈልግ፦ የደራሲ ስም የሌለው፣ አርዕስት የሌለው፣ አንቀጾቹ ብቻ እንደ ፈሰሰ ጤፍ የተበተኑበት ገጽ ያወጣል፤ ሥራውንም በሰላም ጨርሻለሁ ይላል።

የዜና ምግቦች፣ ማለትም የአንድ ድረ ገጽ አዳዲስ ጽሑፎችን ለሌሎች ፕሮግራሞች የሚያደርሱ ፋይሎች፣ ደግሞ ሌላውን ድንበር ያሳያሉ። አርኤስኤስ 2.0 ሥር ኤለመንቱ በስሙ ይታወቃል፤ ኔምስፔስ ባይኖረውም ከማንም አይምታታም። አቶም እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ የራሱ ኔምስፔስ አለው። አርኤስኤስ 1.0 ግን የሚጀምረው አርዲኤፍ በተባለው አጠቃላይ የመረጃ መግለጫ ነው፤ አርዲኤፍ ደግሞ የዜና ምግብም፣ የመዝገበ ቃላት መረጃም፣ የሰው ዝምድና ዝርዝርም ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ታግ ላይ የሚያቆም ማዕቀፍ እዚህ ላይ አይበቃም፤ ቀጥሎ ያለውን ልጅ ኤለመንት ማየት ግድ ይሆንበታል።

ስለ ኔምስፔስ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ኔምስፔስ የኢንተርኔት አድራሻ ይመስላል፤ ሥራው ግን ስም መሆን ብቻ ነው። የሚነጻጸረው ፊደል በፊደል ነው። መጨረሻው ላይ አንዲት ስላሽ (/) ብትጨመር ሌላ ሰው ይሆናል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ የመሥሪያ ቤቱን ድረ ገጽ ደኅንነቱ ወደተጠበቀው ኤችቲቲፒኤስ ሲያዛውር፣ በሁሉም ፋይሎች ውስጥ ኤችቲቲፒ የሚለውን ፈልጎ በኤችቲቲፒኤስ ተካው። ማገናኛዎቹ ተስተካከሉ፤ ኔምስፔሶቹ ግን በአንድ ጠቅታ ሁሉም ባዕድ ሆኑ። የቁጣ ስልክ እስኪደወል ድረስ ማናችንም አላወቅንም። በተቃራኒው ግን ቅድመ ቅጥያው፣ ማለትም ከኤለመንቱ ስም በፊት በሁለት ነጥብ የሚለየው አጭር ምልክት፣ ምንም ቢሆን ግድ የለም። አንዱ ጸሐፊ «ዲቢ» ብሎ፣ ሌላው «ዶክ» ብሎ ሊጽፈው ይችላል። ደንባችሁ ቅድመ ቅጥያን የሚያይ ከሆነ ተሳስታችኋል ማለት ነው።

ፋይሉን እንደ ተራ ጽሑፍ ከፍቶ የታጉን ስም በፍለጋ የሚያድን ሰውም አለ። አስተያየት ውስጥ የተቀመጠ አሮጌ ታግ እስኪያጋጥመው ድረስ ይሠራለታል። ፓርሰር ተጠቀሙ።

አትሪቢዩት፣ ወይም ሁሉም አንድ ስም ሲኖራቸው

እዚህ ላይ የእኛው ቅርስ ምሳሌ ይሆነናል። በጀርመን የሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የሚሠራበት «ቤተ መጻሕፍት» የተባለ ፕሮጀክት አለ፤ የኢትዮጵያንና የኤርትራን የብራና መጻሕፍት ቲኢአይ በተባለው ጽሑፎችን የመመዝገቢያ የኤክስኤምኤል ደረጃ ይመዘግባል። እያንዳንዱ ብራና አንድ ፋይል ነው። በውስጡ የተገለበጠው ድርሰት ሌላ ፋይል ነው። ጸሐፊው፣ ያስጻፈው ሰው፣ ቦታው፣ መጽሐፉ የተቀመጠበት ገዳም ወይም ቤተ መጻሕፍት ሁሉ የየራሳቸው ፋይል አላቸው። ሁሉም የሚጀምሩት በአንድ ሥር ኤለመንት፣ በአንድ ኔምስፔስ ነው፦ በቲኢአይ። ከላይ ያመሰገንኩት መንገድ እዚህ ላይ አፉን ይዘጋል። ተአምረ ማርያምም፣ ጎንደርም፣ አፄ ዘርዓ ያዕቆብም አንድ «ጉዳዩ» ይዘው ይመጣሉ።

መፍትሔያቸው ሥር ኤለመንቱ ላይ ዓይነቱን የሚናገር አትሪቢዩት መጻፍ ነው፦ ይህ ብራና ነው፣ ይህ ድርሰት ነው፣ ይህ ሰው ነው፣ ይህ ቦታ ነው። በዚህ አላበቁም። ብራናዎችን፣ ድርሰቶችን፣ ሰዎችንና ቦታዎችን በተለያዩ ማከማቻዎች አስቀምጠዋቸዋል፤ የድርሰት፣ የሰውና የቦታ መለያ ቁጥሮችም በየዓይነታቸው በተወሰኑ ሦስት ፊደላት ይጀምራሉ። አንዱን ነገር ሦስት ጊዜ መናገር መጀመሪያ ሲታይ ትርፍ ይመስላል። እኔ ግን ከዚህ የተማርኩት ነገር አለ፦ ፎልደሩን ዳኛ አታድርጉት፤ ምስክር አድርጉት። ዓይነቱን የሚወስነው አትሪቢዩቱ ይሁን፤ ፎልደሩና መለያው ካልተስማሙ ግን ግንባታው ይቁምና ሰው ይይ። ቦታ ነኝ የሚል ፋይል በሰዎች ማከማቻ ውስጥ ከተገኘ ከሁለቱ አንዱ ተሳስቷል፤ የትኛው እንደሆነ ማሽን አያውቅም።

ፎረስት አብሮት የመጣው የሥር ኤለመንት ደንብ ስምንና ኔምስፔስን እንጂ እንዲህ ያለ አትሪቢዩት አይመለከትም። ቲኢአይ የሚጠቀም ሰው የራሱን ደንብ በጃቫ መጻፍ ይኖርበታል። በሌሎች መሣሪያዎች አንድ የኤክስፓዝ (በኤክስኤምኤል ውስጥ የሚፈለገውን ክፍል የሚያመለክት ቋንቋ) መስመር ይበቃል፤ ስለዚህ ማዕቀፍ ስትመርጡ አትሪቢዩትን ያይ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

የስኪማ አድራሻ እና ምሪቱ

የስኪማ አድራሻ ሥር ኤለመንቱ ላይ የሚጻፍ ጥንድ ነው፦ ኔምስፔሱና ስኪማው የሚገኝበት ቦታ። ብዙም አልወደውም። ደረጃው ራሱ ይህ ጥቆማ እንጂ ትእዛዝ አይደለም ይላል። በተግባርም አንዱ ጸሐፊ የኢንተርኔት አድራሻ፣ ሌላው በራሱ ኮምፒውተር ላይ ያለ ፎልደር ይጽፍበታል። ፋይሉ አንድ ሆኖ አድራሻው በየሰዉ ይለያያል። ኔምስፔሱ ሳይለወጥ ስሪቱ ብቻ የሚለወጥባቸው ሰነዶች ሲያጋጥሙኝ፣ ሌላ ምልክትም ከሌለ፣ ብቻ ነው የምጠቀምበት።

የማስፈጸሚያ መመሪያ ግን ምሪት ነው፤ ኃላፊው ደብዳቤው ዳር ላይ «ለፋይናንስ፣ ይታይ» ብሎ እንደሚጽፈው። ከሥር ኤለመንቱ በፊት ይቀመጣል፤ የሰነዱን ይዘት አይነካም፤ ሰነዱ የማንም ስኪማ ቢከተል አይከለከልም። በጣም የታወቀው ስታይልሺት የሚያመለክተው ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ አለ። ጥሩ የሚሆነው ለልዩ ጉዳይ ነው፦ አርባ ማኑዋሎች በአንድ መልክ እየታተሙ አንዱ ብቻ በሰፊ ሠንጠረዥ መውጣት ሲኖርበት። ሁሉም ፋይል ላይ ምሪት ከተጻፈ ግን የመዝገብ ቤቱን ሥራ ለጸሐፊዎች አከፋፍላችኋል፤ ጸሐፊ ደግሞ ይረሳል። አንድ ወጥመድም አለው። በውስጡ ያለው ነገር አትሪቢዩት ይመስላል እንጂ ለፓርሰሩ አንድ ወጥ ጽሑፍ ነው። ቅደም ተከተሉን ብታለዋውጡት ወይም አንድ ክፍት ቦታ ብትጨምሩ፣ ጽሑፉን እንዳለ የሚያስተያይ ደንብ አያውቀውም።

ደንቦቹን በምን ቅደም ተከተል

መጀመሪያ የተስማማው ደንብ ስለሚያሸንፍ ጠባቡ ከሰፊው ይቅደም። እኔ መጀመሪያ ምሪቱን አስቀምጣለሁ፣ ሆን ተብሎ የተጻፈ ልዩ ትእዛዝ ነውና። ቀጥሎ አትሪቢዩት ያለባቸው ሥር ኤለመንቶች፣ ከዚያ ስምና ኔምስፔስ፣ ከዚያ ኔምስፔስ ለሌላቸው አሮጌ ሰነዶች ዶክታይፕ፣ በመጨረሻም ስም ብቻ። «አርቲክል» ብቻ የሚለውን ደንብ ከላይ ያስቀመጠ ሰው ጃትሱንም ዶክቡኩንም በአንድ ማሰሮ ያበስላል።

ከሁሉም ደንብ በታች ያለው ባዶ ቦታ ግን የበለጠ ክርክር አስነሥቶብኛል። ያልታወቀ ፋይል ምን ይደረግ? ብዙዎች ተራውን የገጽ ዓይነት እንደ ነባሪ ይሰጡታል፤ ገጹ ቢያንስ ይወጣል ይላሉ። እኔ ግንባታውን አስቆማለሁ። ለቁጣው ስልክ መንስኤ የሆነው ነባሪ ዓይነት መኖሩ ነበር፤ ባዕድ የሆኑት ፋይሎች ሁሉ በዝምታ ተራ ገጽ ሆነው ታተሙ።

ነባሪውን ካነሣሁ በኋላ ግንባታውን ስጀምረው ዘጠኝ ፋይሎች ላይ ቆመ። ሦስቱ ኤኤም የተጻፈባቸው የአማርኛ ማኑዋሎች ነበሩ። አምስቱ ከኤክስኤምኤሉ መግለጫ በፊት ባዶ መስመር ስለነበረባቸው ፓርሰሩ ገና ከደጃፉ መልሷቸዋል። ዘጠነኛው ከሌላ ድረ ገጽ ወርዶ የተቀመጠ የዜና ምግብ ነው የተባለ ፋይል ሲሆን፣ ስከፍተው «ይህ ገጽ አልተገኘም» የሚል የስህተት ገጽ ነበር፤ ለስንት ወር እንደ ዜና ሲታተም እንደቆየ አላውቅም።